የአንባብያን ጥያቄ፦ አሥራ አራት አድሚን ምን ያደርጋል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስለ ዕፅዋት መረጃ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ከፍተናል። የሚሠራው ዊኪፔዲያ በሚጠቀምበት ሶፍትዌር፣ በሚዲያዊኪ ነው። ማንም ሰው ተመዝግቦ መጻፍና ማረም ይችላል። ሥራ ሲበዛብን ጠንክሮ ለሠራ ሁሉ አድሚንነት (የአስተዳዳሪ መብት) እየሰጠን መጣን። ስንሰጥም መብት መስጫው ገጽ ላይ ያሉትን ሳጥኖች በሙሉ ምልክት አድርገን ነው የምንወጣው። አሁን 14 አድሚን አለን። ስድስቱ ብቅ ካሉ ዓመት አልፏቸዋል። በቅርቡ አንዱ «የገጹን መልክ ላሳምር» ብሎ የጋራውን የጃቫስክሪፕት ገጽ ነካካና ግማሽ ቀን ሙሉ ማንም ማረም አቃተው። ሌላው ደግሞ የተከራከረውን ሰው ራሱ አገደው። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። መብት እንቀንስ ብንል ይቀየሙናል ብለን ፈራን። ምን ይሻላል? መብቱንስ እንዴት እንከፋፍለው?

ግራ የገባው መሥራች

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። «ጠንክሮ ለሠራ ሁሉ» ይላሉ። ጣጣው የጀመረው እዚያ ላይ ነው። አድሚንነትን ሽልማት አደረጋችሁት። ሽልማቱን የተቀበለ ሰው ሲወሰድበት የተዋረደ ይመስለዋል። ያልተሸለመውም «እኔስ ምን አጠፋሁ?» ማለቱ አይቀርም። የሠራን ሰው ማመስገን ከፈለጋችሁ ፊት ገጹ ላይ ስሙን ጽፋችሁ አመስግኑት። ገጽ የመሰረዝ መብት ግን ገጽ እየሰረዘ ለሚያጸዳ ሰው የሚሰጥ የሥራ ዕቃ ነው።

ሐሳቡ የኔ አይደለም። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ ላይ ማንም ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ መብት አይያዝ ብለዋል። እዚያው ላይ ሌላም ምክር አለ። ከባድ ነገር ሲሆን በአንድ ቁልፍ ብቻ አይከፈት፣ ሁለቱ ቁልፎችም በተለያየ ሰው እጅ ይሁኑ የሚል። ሁለቱም ምክሮች ለናንተ ድረ ገጽ ልክ ናቸው።

እንግዲህ መብቱን ስትከፋፍሉ ከሰው አትነሱ። «ለእገሌ ምን ይገባዋል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ስብሰባው አያልቅም። ከመብቱ ተነሱ። ለእያንዳንዱ መብት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሰውየው ቢሳሳት ሌላ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል? ስህተቱስ ለሌሎቹ ይታያል? ለሁለቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ አትሰስቱ። ለአንዱ እንኳን «አይ» ከሆነ ቆም በሉ።

እስቲ በዚህ እንሂድ። አንድ ሰው ገጽ ላይ በተከታታይ የለጠፈውን ቆሻሻ በአንድ ጠቅታ የመመለስ መብት አለ። ስህተት ቢሠራበት በገጹ ታሪክ ላይ ይታያል፣ ማንም ይመልሰዋል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ይህ መብት እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ጥር ድረስ የአድሚኖች ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ተለይቶ ለሚታመኑ አራሚዎች መሰጠት ጀመረ። ሰማይ አልተደፋም። እናንተም ሳትፈሩ አድሉት። አዳዲስ እርማቶችን አይቶ «ታይቷል» ብሎ ምልክት የማድረግ መብትም እንደዚያው።

ገጽ መሰረዝስ? ስሙ ያስፈራል እንጂ ያን ያህል አይደለም። ሚዲያዊኪ ላይ የተሰረዘ ገጽ ከአንባቢ ዓይን ይሰወራል፣ ከነታሪኩ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ አድሚን መልሶ ያወጣዋል። ማን መቼ እንደሰረዘው፣ ምን ምክንያት እንደሰጠም መዝገቡ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። ለአራት አምስት ሰው ቢሰጥ ክፋት የለውም።

ማገድ ላይ ግን ሶፍትዌሩን ብቻ ካያችሁ ትሳሳታላችሁ። እንደ መሣሪያ ካየነው እገዳም ይነሳል፣ መዝገብም አለው። ሰውየውስ? አንድ አዲስ መጤ ሦስት እርማት ሠርቶ፣ በማያውቀው ጥፋት ታግዶ፣ በማግሥቱ «ይቅርታ፣ ተሳስተን ነው» ቢባል ተመልሶ አይመጣም። ሆድ ብሶት ሄዷል። ስለዚህ እኔ ማገድን ከመሰረዝ በላይ ነው የማስቀምጠው። ሚዲያዊኪ ሁለቱን በአንድ የአድሚን ቡድን ጠቅልሎ ቢያመጣቸውም መለየት ይቻላል። ቁጣ ቶሎ የማይነካው ሰው ፈልጋችሁ ለሱ ስጡት።

አሁን ወደ ጃቫስክሪፕቱ። ግማሽ ቀን ድረ ገጹ በመቆሙ ነው የተበሳጫችሁት። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። በዚያ ገጽ ላይ የተጻፈ ኮድ ድረ ገጹን በከፈተ ሰው ሁሉ ብራውዘር ውስጥ ይሠራል። አንድ አድሚን አካውንቱ ቢጠለፍ፣ ጠላፊው እዚያ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጽፎ በሌሎቹ አድሚኖች ስም የፈለገውን ሊያደርግ ይችላል። ገጹን ወደ ነበረበት መመለስ ቀላል ነው። በመካከል የተሰረቀውን መመለስ ግን አይቻልም። በየቋንቋው ያሉት ዊኪፔዲያዎችም ለብዙ ዓመት ይህን መብት ለማንኛውም አድሚን ሰጥተው ነበር የቆዩት። የእንግሊዝኛው ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ አድሚን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተለይቶ «የገጽታ አስተዳዳሪ» የሚባል የራሱ ቡድን ወጣለት። ያንን ቡድን የያዘ ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ተጨማሪ ኮድ) መጠቀም ግዴታው ነው። የናንተም ሚዲያዊኪ የቅርብ ጊዜ ከሆነ ቡድኑ ተለይቶ ተቀምጧል። ሳጥኑን ለ14ቱም ምልክት ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ለሁለት ሰው ብቻ ተዉት፣ ኮድ ለሚችሉት። ገጽታ ማሳመር የሚወድ ሰው ካለ በሚዲያዊኪ ማስተካከያ ላይ የራሱ የግል የስታይል ገጽ እንዲሠራለት ፍቀዱለት። እዚያ እስኪበቃው ይሞክርና ያማረውን ያቅርብ።

ሌላው፣ ሰው የመሾም መብት ነው። ይህ ራሱን የሚያባዛ መብት ነው። አንድ ሰው የያዘውን ሁሉ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። ሁለት ሰው ይያዘው፣ ከሁለቱ አንዱ ከመሥራቾቹ ውጭ ቢሆን ደስ ይለኛል።

የተጠቃሚን አይ ፒ አድራሻ (ከየት ኢንተርኔት እንደገባ የሚጠቁመውን ቁጥር) የሚያሳየውን ተጨማሪ መሣሪያ ጭናችሁ እንደሆነ አልገለጹልኝም። ካልጫናችሁ አትጫኑ። የታየ ነገር እንዳልታየ አይሆንም። ዊኪፔዲያዎች ላይ ደንቡ ግልጽ ነው። አንድ ዊኪ (እንዲህ በጋራ የሚጻፍ ድረ ገጽ) ይህን መብት የያዘ ሰው ወይ ጭራሽ አይኖረውም፣ ወይ ቢያንስ ሁለት ይኖሩታል። ብቻውን የያዘ ሰው አይፈቀድም፣ ማን ያየዋላ?

ወደ አፈጻጸሙ ልግባ። ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ ባለው የሚዲያዊኪ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አዲስ ቡድን መፍጠር ከባድ አይደለም። አንድ መስመር ነው። የቡድኑን ስም ትጽፋላችሁ፣ የመብቱን ስም ትጽፋላችሁ፣ «ይፈቀድ» ትላላችሁ። ለሌላ መብት ሌላ መስመር። ማን ለማን መስጠትና መቀማት እንደሚችልም በዚያው ፋይል ይወሰናል። ሲጨርሱ የቡድኖች መብት ዝርዝር የሚባለው ልዩ ገጽ ራሱን ያድሳል። ማንም ገብቶ የትኛው ቡድን ምን እንደሚችል ያነባል። ሌላ የደንብ ሰነድ ሳትጽፉ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ታዲያ አታብዙት። የማውቀው አንድ ድረ ገጽ አለ፣ የቡድኖቹ ብዛት ከሰዎቹ ብዛት ይበልጥ ነበር። ምስል ስም ቀያሪ፣ ምድብ ተቆጣጣሪ፣ የምድብ ተቆጣጣሪ ረዳት። አንድ የማስታወቂያ ገጽ ለማስወገድ ማንን መጥራት እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም፣ ገጹም ተመቻችቶ ይቀመጥ ነበር። ለናንተ አምስት ቡድን ይበቃል። እርማት የሚመልሱና የሚቃኙ፣ ይህ ሰፊው ነው። ገጽ የሚሰርዙና የሚቆልፉ። የሚያግዱ። ከዚያ ኮዱንና ሹመቱን የያዙት ሁለት ሁለት ሰዎች። በላይ በላይ መደረቡ አይከፋም፣ የሚሰርዝ ሰው ቢያግድም ችግር የለም። ብቻ ተለይቶ መሰጠት ይቻል፣ ተለይቶም መወሰድ።

አሁን የፈሩት ነገር ላይ ደረስን። ይቀየሙናል።

ይሉኝታ የስንቱን ድረ ገጽ መብት እንዳንዘላዘለ ብነግርዎ አያምኑኝም። መድኃኒቱ ከሰው ጋር መጋፈጥ አይደለም፣ ቀኑ ራሱ እንዲጋፈጥላችሁ ማድረግ ነው። መብት መስጫው ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ሳጥን ጎን «መቼ ያበቃል?» የሚል ምርጫ አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው የሚዲያዊኪ 1.29 ጀምሮ ነው የገባው። ብዙ ሰው አያየውም፣ «አያበቃም» ላይ ትቶት ያልፋል። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም አዲስ መብት ስድስት ወር ብላችሁ ስጡ። የሚሠራበት ሰው ያሳድስ። ያልተጠቀመበት ሳያሳድስ ዝም ብሎ ይለቀዋል፣ ማንም ከማንም ፊት አይቆምም። ምክንያት መጻፊያው ላይም «ጎበዝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «የማስታወቂያ ገጾችን ለማጽዳት፣ ለስድስት ወር» ብላችሁ ጻፉ። ያ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ ይቀራል። ሲያሳድስ ሁለታችሁም ያንን አንብባችሁ ትነጋገራላችሁ።

ለጠፉት ስድስት ሰዎች ደግሞ አጭር ደንብ አውጡ። ይህን ያህል ጊዜ ምንም ያልሠራ አካውንት መብቱ ይነሳል፣ ተመልሶ ሲመጣና ሲጠይቅ ያለ ብዙ ጣጣ ይሰጠዋል። ዊኪፔዲያዎችም ይህን ያደርጋሉ። የራሳቸው ደንብ ለሌላቸው ዊኪዎች የጋራው ልክ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ለናንተ ይረዝማል፣ ዓመት ይብቃ። ደንቡን መጀመሪያ አሳውቁ፣ አንድ ወር ቆዩ፣ ከዚያ ፈጽሙ። ለስድስቱም አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ፦ «ለሠራኸው ሁሉ እናመሰግናለን። ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት አካውንት ሲጠለፍ ቶሎ አይታወቅም፣ ስለዚህ መብቱን ለጊዜው አንስተነዋል። ስትመለስ አንድ መልእክት በቂ ነው።» እውነትም ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ባለቤቱ የረሳው አካውንት ሲጠለፍ የሚያይ የለም፣ ፓስወርዱም ሌላ ቦታ የተጠቀመበት ያው ፓስወርድ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ልለምንዎ። ከማንም በፊት የራስዎን መብት ይቀንሱ። ኮድ የማይነኩ ከሆነ ያንን ሳጥን ከራስዎ ስም ላይ ያንሱ፣ መዝገቡ ላይ ይታይ። ከዚያ በኋላ የሚቀየም ሰው ካለ ጠባዩ ነው።

ተከራካሪውን ያገደው ሰው ጉዳይ የመብት ክፍፍል አይፈታውም። ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ ሆኗል። አንድ መስመር ደንብ ይበቃዋል። በክርክሩ ውስጥ ያለ አድሚን በዚያ ክርክር ላይ መብቱን አይጠቀምም፣ ሌላ አድሚን ይጠራል። ግልጽ የማስታወቂያ መዓት ወይም ስድብ ሲሆን ብቻ ይለፈው። አድሚናችሁ መጥፎ ሰው እንዳልሆነ አምናለሁ። የታገደውን ሰው እገዳ ግን ሌላ አድሚን አንስቶ፣ በስሙ ይቅርታ ይጻፍለት።

ጥያቄ

ሁለት አድሚኖች ነን። እሱ የሰረዘውን ገጽ እኔ መለስኩት፣ እሱ እንደገና ሰረዘው። አሁን እኔ ብመልሰው ጥፋተኛ እሆናለሁ? ገጹ ጥሩ ገጽ ነው እኮ!

የተናደደች አድሚን

መልስ

አዎ እህቴ፣ ይሆናሉ። ገጹ ምንም ጥሩ ቢሆን።

እንዲህ ብላችሁ ተስማሙ። አንዱ አድሚን አንድ ነገር ያደርጋል። ሌላው ካልተስማማ አንዴ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እጃቸውን ያነሳሉ፣ ይነጋገራሉ። በዚህ ሒሳብ ስህተቱ የሱ ነው፣ ሁለተኛውን ስረዛ ያደረገው ሳይነጋገር ነውና። አሁን እርስዎ ደግመው ቢመልሱት ግን ጥፋቱን ለሁለት ትካፈሉታላችሁ። ሌሎቹ በጎ ፈቃደኞች መዝገቡን ከፍተው የሚያዩት ሁለት አድሚኖች ሲጎተቱ ነው፣ ማን እንደጀመረ የሚቆጥር የለም።

እየተነጋገራችሁ ሳለ ገጹ በምን ሁኔታ ይቆይ? እኔ የምለው፣ የሰው የግል መረጃ ያለበት ወይም ከሌላ ቦታ ተቀድቷል የሚባል ከሆነ ተሰርዞ ይቆይ። ሌላ ከሆነ ለአንባቢ ይታይ። ይህንንም አስቀድማችሁ ጻፉት፣ በንዴት ሰዓት የሚወጣ ደንብ ሁሌም የአንዱን ወገን ይመስላል። ሁለት ብቻ መሆናችሁም አንዱ ችግር ነው። ሁለት ሰው ሲጣላ ሦስተኛ የለም። ማገድም ኮድም የማይነካ፣ የተሰረዘ ገጽ አይቶ መመለስ ብቻ የሚችል አንድ ሰው ጨምሩ። ሚዲያዊኪ ላይ የተሰረዘ ማየት፣ መመለስና መሰረዝ የተለያዩ መብቶች ናቸው፣ ነጥሎ መስጠት ይቻላል።

ጥያቄ

እኛ ነገሩን አቅልለነዋል። «አድሚን» የሚባል አንድ አካውንት ከፍተን ፓስወርዱን አምስታችንም ይዘናል። በተራ እንጠቀማለን። ችግር አለው?

አምስቱ

መልስ

አለው፣ አምስት እጥፍ።

ነገ ጠዋት አንድ ገጽ ተሰርዞ ብታገኙ መዝገቡ «አድሚን ሰረዘው» ይላችኋል። ማን? አምስታችሁም ትተያያላችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ተኳርፎ ቢወጣ ፓስወርድ ቀይራችሁ ለአራት ሰው እንደገና ማደል አለባችሁ፣ ያውም ቶሎ። አዲሱን ፓስወርድ በቻት ትላላካላችሁ፣ እዚያ ይቀራል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ኮዱን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ካመጣችሁት አራቱ ያንን ሰው እየደወሉ ሲቀሰቅሱ ማደራቸው ነው።

ዛሬውኑ ለአምስታችሁም የየራሳችሁን አካውንት ክፈቱ። አድሚንነቱን ለነዚያ ስጡና ከጋራው አካውንት ላይ መብቱን አንሱ። አካውንቱን ግን አትሰርዙት፣ እስከ አሁን የሠራችሁት በስሙ ተመዝግቧል። አግዱትና በገጹ ላይ «የቀድሞ የጋራ አካውንት» ብላችሁ ጻፉ።

እግረ መንገዴን፣ ድረ ገጹ ውስጥ ያለው መብት ብቻ አይደለም የሚከፋፈለው። ሰርቨሩ አለ፣ ባክአፑ (መጠባበቂያ ቅጂው) አለ፣ የዶሜይን ስሙ (የድረ ገጹ አድራሻ) አለ። ሰርቨሩ ላይ መግባት የሚችል ሰው ድረ ገጹ ውስጥ ምንም መብት ባይኖረው እንኳን ዳታቤዙን ከፍቶ ራሱን መሾም ይችላል። የዶሜይኑን መለያ የያዘ ሰው ደግሞ ድረ ገጹን ወደፈለገበት ያዞረዋል። የእድሳት ማሳሰቢያው የሚደርሰው አንድ ሰው ኢሜይል ላይ ብቻ ከሆነና ያ ሰው ኢሜይሉን መክፈት ካቆመ፣ አምስት ጎበዝ አድሚን ቢኖራችሁም አድራሻችሁ በሌላ ሰው ስም ሊመዘገብ ይችላል። ማሳሰቢያው ቢያንስ ለሁለት ሰው እንዲደርስ አድርጉ። ሰርቨሩም ላይ ሁለት ሰው በየራሱ ቁልፍ ይግባ። ባክአፑን የሚያወርደው ሰው ከነዚህ ሁለቱ ውጭ ቢሆንና ፋይሉን ሌላ ቦታ ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው፤ በየጊዜውም ከፍቶ እንደሚሠራ ያረጋግጥ።